የእርጥበት ቅናሽ

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» ብሎ የተረተው፣
ሌሊት ፈረቃ ላይ፣ ቦይለር ፊት ቆሞ፣ እርጥብ አልገጠመው።
እርጥብ አይነድም እኛ ጋ።
ያለቅሳል፣ ያጨሳል፣ የግፊቱን መርፌ ከሰባት ወደ አራት ያወርዳል፤
ከላይ ከማቅለሚያው ስልክ ይጮኻል፦
«እንፋሎት የት ገባ? ቀዩ ጨርቅ ዝንጉርጉር ሆኗል!»

ድሮ ጥቁር ዘይት ነበር፤ ከጅቡቲ በቦቴ መጥቶ፣
ሥራዬም አንድ ቫልቭ ነበር፤ አንዴ ተከፍቶ፣ አንዴ ተዘግቶ።
ዋጋው ሲንር፣ ዶላር ሲጠፋ፣ ቦቴው መንገዱን ሲረሳ፣
አለቆች ወደ ሐይቁ ዞሩ፤
ተኝቶ አገኙት፣ ማንም የማይከራየው ማሳ።

እምቦጭ።
ሲነቅሉት የሚወልድ፣ በዘመቻ የማይሞት፣
ባለሥልጣን ቦቲ አጥልቆ ፎቶ የሚነሣበት።
አሁን በሳምንት ሁለቴ፣ ከናበጋ ዳር፣ ተጭኖ በአይሱዙ፣
ከወረታ የሩዝ ቅርፊት ጋር ተረግጦ፣
እንደ ኩበት ተጠፍጥፎ ይመጣል፤ ገና ሳይደርቅ ወዙ።

በር ላይ አቶ ይታየው አሉ፤
ሁለት ሹል ጥርስ ያላት መለኪያ ይዘው።
ከረጢቱን ሆዱ ላይ ይወጉታል፣ ቁጥሯን በመነጽር አንብበው፦
«ሠላሳ አንድ ነው። ከሃያ በላይ አንቀበልም።
ወይ ቅናሽ፣ ወይ መልሰው።»

ሙጨ ዓሣ አስጋሪ ነበር። መረቡን እምቦጭ በላበት፤
ጀልባዋን ሸጠ፤ ቀጥሎ ደግሞ የበላውን ሊሸጥ ተነሣበት።
እስከ ደረቱ ገባ በማጭድ፤
አልቅት ባቱ ላይ ሲመገብ፣ እሱ ኪሎ ሲቆጥር።
እና አሁን በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን እየጠመዘዘ፣
«ጋሼ፣» አለ፣ «ከውሃ እኮ ነው ያወጣሁት።
ትርፉ ጣና ነው።
ጣናን ትቀንሱብኛላችሁ?»

አቶ ይታየው ሳል መጣባቸው።
ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ፣ በደረሰኙ ጥግ ላይ፣
አሥራ አንድ በመቶ ጣና ተቀነሰ።

ያን ሌሊት መጀመሪያ የፈታሁት የሱን ከረጢት ነው።
ለምን እንደሆነ አልጠይቀኝም።
እየተንሲሲሲ አለቀሰ፤ ከዚያ እንደ እልኸኛ ልጅ
በአንዴ ያዘ፣ ቦግ አለ።
የተቀነሰው ውሃ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ወጣ፤
ዓባይ ድልድዩን ተሻገረ፣ በደሴቶቹ በኩል ታጠፈ፣
ያልተከፈለበት ውሃ
ቤቱ ገባ።

አመዱ ክፉ ነው። ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ከፍርግርጉ ይጣበቃል፤
ንጋት ላይ በዲጅኖ ስንመታው እንደ ደወል ያቃጭላል።
በአካፋ የምታወጣው እማዋይሽ ናት።
በየወሩ ሃያ አንድ ለማርያም ሻማ ትወስዳለች፤
ስለቷ አንድ ነው፦ እምቦጩ ከሥሩ እንዲጠፋ።
ሻማውን የምትገዛው ከዚሁ ደሞዟ ነው።

ሙጨ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ።
በቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አሥራ ሁለት ቀን አስጥቶ፣
በዝናብ ሲሯሯጥ፣ በላስቲክ ሲሸፍን፣ ከሚስቱ ተጣልቶ።
አቶ ይታየው ወጉት፦ «አሥራ አራት! አበጀህ!»
ሚዛን ላይ ወጣ።
ከረጢቱ እንደ ላባ ሆኗል።
ባይደርቅ ቅናሹ ከበደ፣ ቢደርቅ ኪሎው ቀለለ፤
ሙጨ ብሩን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣
«ያው ነው፤» አለ፣ «ጣና ሁለቴ አመለጠኝ፤» አለ።
ሣቀ ግን። ሣቁን አልቀነሱበትም።

ትናንት እማዋይሽ አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፦
«እንዲያው ስለቴ ቢሰምር፣» አለችኝ፣
«እምቦጩ ቢያልቅ፣ ውሃው ቢጠራ፣
ይሄ ሆድ ምን ሊበላ ነው?»
ውሉ የአሥር ዓመት እንደሆነ አልነገርኳትም።
መርፌውን አየሁ።
ስድስት ተኩል፣ እየወረደ።
ሌላ ከረጢት ፈታሁ።